መሬት የሌለው ወረዳ

ኢሕዴን የተባለው ታጣቂ ድርጅት በ1973 ዓ.ም. በዋግ ምድር ሲመሠረት ተራራ እንጂ ቢሮ አልነበረውም። በኋላ ብአዴን ተባለ፣ በ2011 አዴፓ፣ በ2012 ብልፅግና ውስጥ ገባ፤ ካድሬውም ቲሸርት እየቀየረ አብሮ ዘለቀ። የሰሜኑ ጦርነት ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠና አንዳንዱ ሹም ቢሮ ይዞ መሬት አጣ።

የዋግ ከተማ ሰቆጣ በ2013 ክረምት በሕወሓት ኃይሎች ተይዛ በ2014 ተመለሰች። የአበርገሌና የፃግብጂ ወረዳዎች ብዙ ቀበሌዎች ግን አብረዋት አልተመለሱም፤ ሕዝቡም ሹሙም ተፈናቅሎ ሰቆጣ ከተመ።

ሹም ሲሸሽ የሚያስቀድመው ማኅተሙን ነው። በፌስታል ጠቅልሎ፣ በጨርቅ ደግሞ፣ ደረት ኪሱ ይከተዋል። ሚስቱ «ልጆቹስ?» ስትለው «ይከተሉናል» ይላል። (አይፈረድበትም፤ ማኅተም የጣለን ሹም የሚገመግም ኮሚቴ ጦርነትም አያግደው።) ከዚያ በኪራይ ክፍል ጠረጴዛ ይዘረጋና ሪፖርቱ ይቀጥላል፦ «በሩብ ዓመቱ የአፈር ጥበቃ ሥራችን አበረታች ነው፤ ክፍተቶችን ለመሙላት አቅጣጫ ተቀምጧል።» የትኛው አፈር? አፈሩንማ የሚጠብቀው ሌላ ነው፣ ያውም በዲሽቃ።

እንዲህ ያለው ጠረጴዛ ፊት አንዲት ተፈናቃይ አሮጊት የዱቄት ስም ዝርዝር ውስጥ ልግባ ብለው ይቆማሉ።

«እናቴ፣ ተፈናቃይ ስለመሆንዎ ከቀበሌዎ ማስረጃ ያምጡ።»

«ቀበሌውማ እዚያው ቀረ፣ ልጄ። አንተስ ከዚያው አይደለህ የመጣኸው? እናትህ ጎረቤቴ አይደለች?»

«እሱ ልክ ነው፤ ግን በመዋቅር ነው የምንሠራው።»

መንግሥት በ2007 እስከ 2022 የሕፃናትን መቀንጨር አጠፋለሁ ብሎ ቃል የገባው በዚችው ከተማ ስም ነው። «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የሚል ባነር አዲስ አበባ በየሆቴሉ አዳራሽ ሲሰቀል፣ ሰቆጣ ራሷ የእርዳታ መኪና መጣ አልመጣ እያለች መንገድ መንገዱን ታይ ነበር።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ ሹሙም እፎይ ሊል ነበር። ዓመት ሳይሞላ ሌላ ግጭት ተነሣና፣ ሐምሌ 28፣ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ድሮ በሰሜን በኩል ያለውን መንገድ ብቻ ይሰልል የነበረው ሹም አሁን አራቱንም ማየት ጀመረ፤ ስብሰባው ግን አንድም ቀን አልቀረም።

ክቡር አስተዳዳሪ፣ አሮጊቷን ያውቋቸዋል። ከእርስዎ የተሻለ ምስክር ከየትም አያመጡም፤ ይጻፉላቸው፣ እሳቸውም ዱቄታቸውን ይውሰዱ።