ክር ሳይኖር ክርክር

አያ ችኮላ ደግሞ መጣ። ዘንገና ሐይቅ ዳር በሰላም በተቀመጥንበት ቫዮሊን ታቅፎ ከች! ሊጫወት ነው። ምኑን? የሙዚቃ ደራሲውን የባችን ሻኮን! «ኖታው ከፊቴ፣ ቫዮሊኑ በእጄ፤ ዝግጅት ብሎ ነገር ምንድን ነው? ዘልዬ እገባበታለሁ» ይላል። እናንተ ዳር የቆማችሁ፣ ቀረብ በሉና ፍረዱ። ቫዮሊኑ አራት ክር አለው፤ ባለቤቱ ያለው ክርክር ብቻ ነው።

ስማ አያ ችኮላ። ሻኮን ስትል አፍህ ምራቅ ሞላ። ሻኛ አይደለም! ቆርጠህ፣ በሚጥሚጣ አጥቅሰህ አትውጠውም። ባች እ.ኤ.አ. በ1720 በገዛ እጁ ጽፎ ያኖረው፣ ዲ ማይነር ፓርቲታ የተባለው ባለ ብዙ ክፍል ሙዚቃ መዝጊያ ነው። ከ250 በላይ መለኪያ አለው። ዓይንህ ምን አበራው? የአረቄ መለኪያ አይደለም! ሩብ ሰዓት ያህል ከበሮ የለ፣ ፒያኖ የለ፣ አጃቢ የለ። ባች፣ ለብቻህ። ስትስት እንኳ የምታሳብበት ከበሮ መቺ የለህም።

«አንዲት ዜማ አይደለች?» አልክ? ዘንገናንም እንዲሁ ነበር ያልካት። ከአስፋልቱ ወረድ ብለህ ስታያት የተሰጣች ሰፌድ ትመስላለች። ወደ ታች ግን 166 ሜትር ናት! እሳተ ገሞራ የቆፈረውን በእግር ጣት አይለኩትም። ሻኮንም ከላይ ዜማ፣ ከታች ጥልቅ ነው። ከሥር አራት መለኪያ ብቻ የሆነች የባስ ሐረግ አለች። ከላይ የምትሰማው ሁሉ እሷን እየደጋገመ፣ ልብስ እየቀየረላት የሚሄድ ነው። መሀል ላይ ወደ ሜጀር ይወጣና ብርሃን ያያል፤ ከዚያ ተመልሶ ይወርዳል። ይህችን ሐረግ ሳታውቅ ገባህ ማለት ዋና ሳትችል ዘንገና ገባህ ማለት ነው። ገመድ ወርውሩልኝ ብትል ደግሞ እኛ ያለን የቫዮሊን ክር ነው።

«ጣቴ ፈጣን ነው!» ጣትህ ሲፈጥን ጣጣህም ይፈጥናል። አራቱንም ክር በአንዴ የሚፈልግ ኮርድ አለልህ። የቫዮሊኑ ድልድይ ደግሞ ጎባጣ ነው፤ ደጋኑ አራቱን እኩል ይዞ አይዘልቅም። ስለዚህ ኮርዱን ከታች ወደ ላይ ትሰብረዋለህ። ታዲያ የትኛው ጣት የት ያርፋል? ደጋኑ የሚሳበው ወደ ታች ነው ወይስ ወደ ላይ? ይህ የሚወሰነው በእርሳስ ነው፣ በድፍረት አይደለም። መጀመሪያ ዜማውን በአፍህ አንጎራጉረው። ከዚያ በጣም የከበደችህን አራት መለኪያ ለይና በኤሊ እርምጃ ሂድባት። ክፍቱን የዲ ክር እያስጮህክ የጎረቤቱን ክር ድምፅ ከእሱ ጋር አስታርቅ። አልታረቅም ካለ ሽማግሌ አትላክ፤ ጣትህን አንቀሳቅስ! እስከዚያ ደጋን ይዘህ አትደግንብን።

«እኛ እኮ የፈረስ አገር ሰዎች ነን፤ ግልቢያ ያውቅብናል» አልክ? አሁን ገና ራስህ ገመዱ ውስጥ ገባህ! ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ አላየህም? ፈረሱ ተቀልቦ፣ ተገርቶ፣ አጊጦ ነው አደባባይ የሚወጣው። አንተ ብትሆን ኮርቻውን ረስተህ ትጋልብ ነበር። ያልተገራ ፈረስ አደባባይ ከወጣ ስሙ ፈረስ መሆኑ ይቀርና «ፈረሰ» ይባላል። ደግሞ ይህ የያዝከው ደጋን ላይ የተወጠረው ምን መሰለህ? የፈረስ ጭራ! የማሲንቆውም ክር የፈረስ ጭራ ነው። አንተ ግን ማሲንቆን «ባለ አንድ ክር» እያልክ ትንቃለህ። አዝማሪው እኮ ያቺን አንዲቷን ክር ሳይቃኝ አፉን አይከፍትም። አንድ ያለው ይቃኛል፤ አራት ያለህ አንተ ጭራሽ!

«ተሰጥኦ አለኝ» ነው የቀረህ? አይ! እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩም ተሰጥኦ ነበራቸው። ፒያኖአቸው ዓለምን ሳያስደምም ገና በወጣትነታቸው ካይሮ ወርደው፣ ከፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ቫዮሊን ተምረዋል። በቀን 9 ሰዓት ይለማመዱ ነበር፤ 5ቱ ለፒያኖ፣ 4ቱ ለቫዮሊን። እሳቸው 4 ሰዓት በየቀኑ፤ አንተ 4 ሰዓት በዕድሜህ! ከእሱም ሁለቱን ሰዓት ከእኛ ጋር ስትከራከር ጨረስከው።

አየህ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንተም ሳቅህ። በል ና፣ ጣትህ ጥሩ ነው፤ እሱን ማን ካደህ? ነገ በጠዋት እዚሁ ዘንገና ዳር እንገናኝ። ኖታውንና እርሳስ ይዘህ ና። ቫዮሊኑን ቤት ተወው።