ድንች ብቻ ነው ላሉን

«የፖላንድ ምግብ ደግሞ ምን አለው? ድንችና ሊጥ!»

ድንችና ሊጥ ያቆመውን ከተማ ሳታይ አትፍረድ፤ የአሜሪካዋ ዲትሮይት በመሐሏ የያዘቻትን ሃምትራምክን። እ.ኤ.አ. በ1910 ነዋሪዋ 3,500 ገደማ ነበር። የዶጅ ወንድማማቾች የመኪና ፋብሪካ ተተከለባትና በ1920 ከ48,000 በላይ ሆነ። አብዛኛው ፖላንዳዊ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ቀኑን ሙሉ ከብረት ጋር ሲታገል ውሎ ማታ ሰላጣ ይቆርጥም ኖሯል?

«ይከብዳላ!»

እንዲከብድ ነው የተሠራው! ሊጡ ይዳመጣል፤ ድንችና አይብ ወይም የኮመጠጠ ጥቅል ጎመንና እንጉዳይ በመሐሉ ይገባል፤ በግማሽ ታጥፎ ጠርዙ በጣት ይቆነጠጣል፤ ይቀቀላል፤ ከዚያ ቅቤና ሽንኩርት ያለበት መጥበሻ ላይ ይገላበጣል። ፒዬሮጊ ይሉሃል ይኼ ነው። እስቲ አንተ ዳምጠው! ሲወፍር አፍ ውስጥ ይጋገራል፤ ሲሳሳ ውኃው ላይ ተተርትሮ የያዘውን ሁሉ ይዘረግፈዋል። ከባንኮኒው ጀርባ፣ ጠባብ ኩሽና ውስጥ ቆማ ሳትለካ እኩል የምታወጣውን ሴትዮ «ሊጥ ነው» ብለህ አትለፋት።

«ሾርባው ግን ኮምጥጧል።»

እንጀራ በልቶ ያደገ ሰው ኮመጠጠ ብሎ ይከሳል? ዡሬክ የሚሉት ሾርባ ከራይ ዱቄት ነው የሚነሳው። ዱቄቱ በውኃ ተበጥብጦ ቀናት ይቀመጥና ይቦካል፤ ሾርባው የሚቆመው በዚያ ነው፤ ቋሊማና የተቀቀለ እንቁላል ይገባበታል። እናትህ እርሾዋን ከድና እንደምትጠብቀው፣ የፖላንድ እናትም የራሷን ትጠብቃለች። ብርድ ባለበት አገር፣ በየካቲት ምሽት፣ ይኼን ሾርባ አንድ ሳህን ጠጥተህ «ተበላሽቷል» ካልክ የተበላሸው ሌላ ነው።

«እሺ ምግቡስ ይሁን፤ ቤቱ ግን ጨለማ ነው፣ ወንበሩም አርጅቷል።»

ልትበላ ነው የመጣኸው ወይስ ቤት ልትገዛ? እነዚህ የሰፈር መሸታ ቤቶች ከፋብሪካው የሚወጣውን ሠራተኛ ሲቀበሉ የኖሩ ናቸው። ሰውየው የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ ይገባል፤ አንድ መለኪያ፣ አንድ ቢራ፤ ከጥቁር እንጆሪ የሚሠራው «የዢኑፍካ» የሚሉት መጠጥ ዛሬም እዚያ ይቀዳል። ማንም ጫማውን አያይበትም። ትኩስ ሳህን ከፊቱ ሲቀመጥ ከማን እንደሚያንስ አያስብም። ይኼን ክብር የሚሰጥ ቤት አምፖሉ ቢደበዝዝ ምን ይጎድለዋል?

«አንድ ጎበዝ ሼፍ ቢያዘምነው እኮ…»

አያዘምነው! ሦስት ፍሬ ፒዬሮጊ በሰፊ ሳህን ላይ አራርቆ ደርድሮ፣ ዋጋውን ሰቅሎ፣ ምግቡን ያቆየውን ሠራተኛ ከደጅ ሊመልሰው ነው? ሳህኑ ይሙላ። ድሃ የሚጠግብበት ምግብ ድሃ እንዳይደርስበት ሲደረግ እኔ አላጨበጭብም።

«ፋብሪካው በ1980 ተዘጋ፤ ፖላንዳዊውም ወጥቶ ሄደ። አሁን ለማን ነው?»

ብዙው ሄዷል፣ እውነት ነው። የመኖች መጡ፣ ባንግላዴሾች መጡ። በ2004 የመስጊዱ አዛን በድምፅ ማጉያ እንዲሰማ ከተማዋ ፈቀደች፤ በ2015 የምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ በሙስሊሞች ተያዘ። ታዲያ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ምድጃ ይጠፋል ያለህ ማነው? ቋሊማው በአንድ በኩል ይጠበሳል፣ የየመኑ ዳቦ በሌላው ይጋገራል። እኔ ይኼን ከተማ የምወድበት አንዱ ምክንያትም እሱ ነው፤ ማንም ማንንም ከማዕድ ሳያስነሳ ሁለቱም ይበላሉ።

«ቢሆንም አልቆለታል።»

አልቆለታል? እንግዲያው የካቶሊኮቹ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ና፣ በቅበላቸው። ጾሙ ረቡዕ ይገባል፤ ማክሰኞ የፖንችኪ ቀን ነው። ጾም ሳይደርስ የቤቱ ስብ፣ ስኳርና እንቁላል እንዳይባክን አያቶቻቸው የሚጠብሱት፣ ማርማላታ የተሞላ ወፍራም ቦምቦሊኖ ነው። ፖላንድ ሐሙስ ትበላዋለች፤ ሃምትራምክ ማክሰኞን መርጣለች። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሰልፉ ገና ጎህ ሳይቀድ በብርዱ ይጀምራል፤ መሸታ ቤቶቹም በጠዋት ይሞላሉ፤ ወደ ዳር ከተሞች የሄዱት የልጅ ልጆች ሳይቀሩ ይመለሳሉ። ያን ቀን ባንኮኒው ጋ አንዲት ወንበር አግኝተህ ከተቀመጥክ፣ ማለቅ አለማለቁን ያኔ እንነጋገራለን።