ስለ ወርቁ ነው የመጣኸው?

በሕይወቴ ሳላነበው ያወደስኩት መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የዘመድ ስለነበረ ይቅር ይባልልኝ። አንብቤው ሳይገባኝ ያወደስኩት ግን ስንት እንደሆነ ቆጥሬ አላውቅም። ምልክቱን ልንገራችሁ። አንድ ገምጋሚ «ደራሲው ውስብስቡን ሳይንስ በቀላልና ግልጽ ቋንቋ አቅርቦልናል» ብሎ ከጻፈ፣ ምዕራፍ ሦስት ላይ ጠፍቶ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ነው የወጣው። እኔ ይቺን ዓረፍተ ነገር እያገላበጥኩ ለአምስት ዓመት እንጀራ በልቼባታለሁ።

ወደ ሳይንስ መጻሕፍት ያስገባኝ ዕውቀት አይደለም። እሠራበት በነበረው መጽሔት ውስጥ መነጽር የማደርገው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አዘጋጃችን ደግሞ መነጽርና ፊዚክስ ከአንድ ሱቅ የሚገዙ ይመስለው ነበር። «ልብ ወለዱን ለልጆቹ ተውላቸው። አንተ የሳይንሱን እያነበብክ ገምግም፤ ደራሲዎቹንም ፈልገህ አነጋግር» አለኝ። በትምህርት ቤት ፊዚክስ ስንት እንዳመጣሁ አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀኝም።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ የገዛሁት ፒያሳ ላይ ከአዟሪ ነው። አዟሪዎቹን ታውቋቸዋላችሁ፤ ከእምብርታቸው እስከ አገጫቸው መጽሐፍ ቆልለው፣ በቁልሉ ላይ አንገታቸውን አስግገው ከካፌ ካፌ የሚዞሩት። «ይሄ የድንቅነሽ የሕይወት ታሪክ ነው» ብሎ ሸጠልኝ። ዶናልድ ጆሃንሰን ከሜትላንድ ኢዲ ጋር ጽፎት በ1981 እ.ኤ.አ. የታተመው «ሉሲ» ነበር፤ ሽፋኑ የለም፣ ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል። ስለ ዳሌዋና ስለ ጉልበቷ፣ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሁለት እግሯ ቆማ ስለመሄዷ ብዙ ተጽፏል። እኔን የያዘኝ ግን ቀኑ ነው። የተገኘችው ኖቬምበር 24 ቀን 1974 ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ኅዳር 15 ቀን 1967፣ እሑድ ሆነ። ብዕሬን አስቀመጥኩ። የዋዜማው ቅዳሜ፣ ኅዳር 14፣ ደርግ ስድሳዎቹን ባለሥልጣናት የረሸነበት ሌሊት ነው። አዲስ አበባ መርዶ ላይ በተቀመጠችበት እሑድ፣ አፋር በረሃ ውስጥ የሐዳር ካምፕ የቢትልስን ዘፈን በቴፕ ከፍቶ ለአንዲት አሮጊት አጥንት ስም ያወጣ ነበር። ከዘፈኑም «ሉሲ»ን መረጡላት።

ግምገማዬን በሙሉ በዚህ ሞላሁት። አዘጋጁ አንብቦ፣ «ቆንጆ ነው፤ ሳይንሱ የታለ?» አለኝ። እስከ ዛሬ ከጻፍኳቸው የማላፍርበት እሱ ብቻ ነው። ሳይንስ የለበትማ።

ከዚያ በኋላ የአማርኛዎቹ መጡ። እዚህ ላይ አንድ ስሞታ አለኝ። ሥነ ፈለክ፣ ቅሪተ አካል፣ ዝግመተ ለውጥ... የቋንቋ ሊቃውንታችን ከግዕዝ እየቀዱ ያበጇቸው ቃላት ደስ ይሉኛል፤ ስጠራቸው ራሴን ዲያቆን ዲያቆን ይለኛል። ችግሩ ደራሲዎቻችን ቃሉን ከጻፉት ነገሩን ያስረዱ ይመስላቸዋል። «ብርሃን አስተፃምሮ» ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያው አያስፈልገውም፤ ለማያውቀው ደግሞ የጸሎት ስም ነው። እኛ ገምጋሚዎች በበኩላችን ቅዳሜ ቅዳሜ ወመዘክር አዳራሽ መድረክ ላይ ተደርድረን ቃሉን እንደግመዋለን፤ ታዳሚው ያጨበጭባል፤ ሁላችንም ሳይገባን ወደ ቡናው እንሄዳለን።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። በ2011 ስለ ከዋክብት የተጻፈ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ እጄ ገባ። ገምግሜ አወጣሁት፤ «ቀላልና ግልጽ» ማለቴን አትጠራጠሩ። ቀጥሎ ደራሲውን ማነጋገር ነበር። መጽሐፉ ላይ ፎቶግራፍ የለም፤ ቋንቋው ግን ከእኔ አያት ጋር ዳዊት የደገመ ሰው ቋንቋ ነው። ስልክ ደወልኩለት። «ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፒያሳ እንገናኝ» አለና አንድ ኬክ ቤት ነገረኝ። «ግራጫ ኮት ለብሻለሁ፤ ጋዜጣም ይዣለሁ።»

እሪ በከንቱ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። አራዳ ነኝ እላለሁ። ግን ሐምሌ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በፒያሳ ኬክ ቤት ውስጥ ግራጫ ኮት ያልለበሰና ጋዜጣ ያልያዘ ሽማግሌ ማግኘት እንደሚከብድ ያን ጊዜ አልታሰበኝም። ከፋራም ፋራ ነበርኩ።

ዝናቡ ከጊዮርጊስ እስከ ኬክ ቤቱ በር አባሮኝ ገባሁ። ሩብ ሰዓት አርፍጃለሁ። ጥግ ላይ ግራጫ ኮት፣ ጋዜጣ፣ ማኪያቶ፤ ዕድሜያቸውም ልክ እንደ አማርኛው።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ዝናቡ ያዘኝ።»

ከጋዜጣው ቀና ብለው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ስለ ወርቁ ነው የመጣኸው?»

ልቤ ሞቅ አለ። መጽሐፉ ውስጥ ብዙ ያሰመርኩበት ምዕራፍ ወርቅ ከየት እንደተገኘ የሚተርከው ነበርና፣ የአንባቢውን ልብ የሚያውቅ ደራሲ አገኘሁ ብዬ።

«አዎን ጋሼ፣ በተለይ ስለ ወርቁ።»

«ከየት ነው የመጣው?»

ፈተና መሰለኝ። አንዳንድ ደራሲ ያነበበውን ካላነበበው እንዲህ ይለያል። «እርስዎ እንዳሉት ነዋ፤ ከግጭት።»

ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ከግጭት? ሰው ተጎድቷል?»

ሳቅኩ። ደራሲ ቀልደኛ ሲሆን ደስ ይለኛል። «ኧረ ሰው ከመፈጠሩ በፊት ነው። መቶ ሠላሳ ሚሊዮን...»

«ብር?»

«የብርሃን ዓመት።»

የቡና ማሽኑ እንፋሎቱን ለቀቀ። እስኪያበቃ ጠበቁና ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ፖሊስ ነህ?» አሉኝ።

ነገሩ የተፈታው መጽሐፉን ከቦርሳዬ ሳወጣ ነው። ሰውየው ወርቅ ሠሪ ናቸው፤ ሠራተኛ ሰፈር፣ ከአያት ከአባት የወረሱት ሙያ። አንድ የማያውቁት ልጅ የእናቴን አምባር ልሽጥ ብሎ ደውሎላቸው እሱን እየጠበቁ ነበር፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ወርቅ ደግሞ በእጃቸው አይነኩም። እኔ ሄጄ ከግጭት ነው አልኳቸው። አፍሬ ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

«ተቀመጥ። የእኔም ልጅ አልመጣ፣ ያንተም ሰው አልመጣ። አምሳ ዓመት ወርቅ ሳቀልጥ ከአዶላ ይምጣ ከወለጋ ነው የምጠይቀው። አዶላስ ከየት አመጣው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ንገረኝ።»

ነገርኳቸው። ግጭቱ የሁለት ኮከቦች ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ብንወስድ፣ ክብደቱ ከፀሐያችን ይበልጣል፤ ስፋቱ ግን ከእንጦጦ እስከ ቃሊቲ ነው። ከእሱ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢጨለፍ ቢሊዮን ቶን ያህል ይመዝናል። («በማን ሚዛን?» አሉኝ።) እንዲህ ያሉ ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ተሽከርክረው ሲላተሙ ሕዋው ራሱ ይናጣል። ያ ንቅናቄ ነሐሴ 11 ቀን 2009 ምድር ደርሶ አሜሪካና ጣሊያን ያሉት ላይጎና ቪርጎ የሚባሉ መሣሪያዎች ያዙት። ሁለት ሴኮንድ እንኳ ሳይሞላ ብልጭታው ተከተለ። የዓለም ቴሌስኮፖች ወደዚያው ዞረው ብርሃኑን ሲመረምሩት፣ ከግጭቱ ፍንጥርጣሪ ውስጥ እንደ ወርቅ ያሉ ከባድ ንጥረ ነገሮች እየተሠሩ መሆናቸው ታወቀ።

በጣታቸው ያለውን ቀለበት አዙረው አዙረው አዩት። ከዚያ የፈራሁት መጣ።

«ለምን ኮከብ ራሱ አይሠራውም? እሳት አለው አላልክም?»

«ይሠራል ጋሼ፤ ቀላል ቀላሉን እያዋሐደ ከበድ ያለውን ይሠራል። ብረት ላይ ሲደርስ ያቆማል።»

«ለምን?»

ገጹን አገላብጬ አገኘሁት። «የኑክሌር ትስስር ጉልበት ብረት ላይ ጣሪያውን ስለሚነካ» ብዬ አነበብኩላቸው።

«ይሄ አማርኛ ነው?»

ዙሪያዬን አየሁ። የማውቀው ሰው የለም። ለማያውቁት ሰው እውነት መናገር እንዴት ይቀላል! «ጋሼ፣ ልንገርዎትና ይሄ ምዕራፍ እኔም አልገባኝም። እንደውም ደራሲውንም የገባው አይመስለኝም» አልኳቸው።

ከጀርባዬ ካለው ጠረጴዛ ጋዜጣ ሲታጠፍ ሰማሁ።

«ገብቶኛል» አለ አንድ ድምፅ።

ግራጫ ኮት። ጋዜጣ። ዕድሜው ቢበዛ አርባ። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነበር። ስገባ አይቶኛል፤ ሽማግሌውን ጋሼ ብዬ ስቀመጥ ጊዜ አባቱን ሊያገኝ የመጣ ሰው ነው ብሎ ተወኝ። ቀጥሎ የራሱን መጽሐፍ ሲያይ ደስ አለው፤ እስከ መጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ድረስ።

ምን አልኩ? ምንም። ወንበር ሳብኩለት። ሽማግሌው ግን በጭራሽ አልደነገጡም፤ «ጥሩ፣ የገባው ሰው መጣ» ብለው ሦስተኛ ማኪያቶ አዘዙ። ደራሲው ሶፍት አውጥቶ ኩርባ መስመር ሣለ። ሃይድሮጅን ሲዋሐድ የሚወጣው ጉልበት ብዙ ነው። ወደ ከባዱ በሄድክ ቁጥር የሚወጣው እያነሰ ይመጣል። ብረት ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ለማዋሐድ ጉልበት መጨመር ያለብህ አንተ ነህ። ወርቅ ደግሞ 79 ፕሮቶን ነው፤ ብረት 26። መንገዱ ሩቅ ነው።

ወርቅ ሠሪው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት፤ ቁልቁለቱ ሲያልቅም ቆሙ።

«ታዲያ እንዲህ አትልም? እስከ ብረት ድረስ ሥራው ትርፍ አለው። ከብረት በኋላ ከኪስ ነው። ከኪሱ እያወጣ የሚሠራ ማን አለ? ሱቁን ይዘጋል።»

ደራሲው ዝም ብሎ አያቸው። ከዚያ ሶፍቱን ገልብጦ ጻፈው። እኔም ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። የኬክ ቤቱ ልጅ ባይጽፍ ነው የሚገርመኝ።

ከዚያ ወዲያ ወሬው የእነሱ ሆነ። እዚሁ እንጦጦ ላይ አለ የሚባለው መነጽር ይሄን ግጭት ያያል ወይ አሉት። ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ መቀመጣቸውን ነግሯቸው ሲያበቃ፣ በመስኮቱ ወደ ሰሜን እያየ «በሐምሌ ግን እንጦጦ ራሱም አይታይ» አላቸው። ሰው ከምድር ያወጣው ወርቅ ሁሉ ቢጠራቀም በየጎኑ 22 ሜትር ገደማ የሆነ አንድ ኩብ ነው ሲላቸው አላመኑትም፤ ብዙው በእጃቸው ያለፈ ይመስላቸው ነበር። እሳቸውም በተራቸው መጽሐፉን ተቀብለው «ወርቅን የሚበላ አሲድ የለም» የሚል መስመር አገኙበት። «ናይትሪክ ብቻውን አይነካውም። ከሃይድሮክሎሪክ ጋር ስታደባልቀው ግን እንደ ስኳር ያሟሟዋል። እኔ ወርቅ የማጠራው በምን ይመስልሃል?» ደራሲው ቀላ። ኬሚስትሪው የተማረው ነበር፤ ሲጽፍ ነው የረሳው። እኔም ገምጋሚው አላየሁትም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አምባር ሻጩ ልጅ ሳይመጣ ተለያየን።

ጽሑፉን እንደሆነው ጻፍኩት፤ ሽማግሌውንም፣ ውርደቴንም ጭምር። አዘጋጁ ገጽ ጠበበው። «ቃለ ምልልሱ ከደራሲው ጋር ነው፤ ይሄ ወርቅ ሠሪ አንባቢውን ግራ ያጋባል» ብሎ ሰውየውን አወጣቸው፤ ንግግራቸውን ግን ወደደውና ለደራሲው ሰጠው። የትርፍና የኪሱ ነገር በወፍራም ፊደል ርእስ ሆኖ ወጣ። ደራሲው ደውሎ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ «በጥሩ አቀረብከኝ» አለኝ። እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ እሺ አልኩ።

በ2013 ሁለተኛው እትም ወጣ። የአሲዷ መስመር ታርማለች። የኑክሌር ትስስሩ ምዕራፍ እንደ አዲስ ተጽፏል፤ ያለ ሐሜት፣ አሁን በእርግጥም ቀላልና ግልጽ ነው። የኋላ ሽፋኑ ላይ የእኔ የድሮዋ ዓረፍተ ነገር ከነስሜ አለች። ገጽ 88 ላይ ደግሞ ኮከቡ ከኪሱ ማውጣት ሲጀምር ሱቁን ይዘጋል፤ ያለ ስም።

ኬክ ቤቱ በ2016 ከፈረሱት የፒያሳ ቤቶች ጋር ሄዷል። ወርቅ ሠሪውም ሠራተኛ ሰፈርን ለቀው ከልጃቸው ጋር ወደ አያት ገብተዋል። የደወሉልኝ ከዚያ ነው፤ ድምፃቸውን ወዲያው ለየሁት።

«ልጄ፣ መጽሐፉን ገዝቼ አነበብኩት።»

«እንዴት ነው ጋሼ?»

«ገጽ 88 ላይ እኔ አለሁ።»

«አሉ።»

«ስሜ ግን የለም።»

«የለም ጋሼ።»

ዝም አሉ። ስለ አዘጋጁ፣ ስለ ገጽ ጥበት፣ እሺ ስላልኳት እሺ እያሰብኩ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ያኔ አንተ ይዘኸው የነበረው የፊተኛው ዋጋ ስንት ነበር?»

«መቶ ሃምሳ ብር።»

«እኔ በሁለት መቶ አርባ ነው የገዛሁት። እንግዲህ ዘጠናው ብር የማን ነው?»