ኮድ 2 ቮልስ፣ ርዝመቷ 17 ሳንቲ ሜትር

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው መድኃኒት ያስመጣል፣ ስልክ ያስመጣል፣ ጫማ ያስመጣል። እኔ ጎማ አስመጣለሁ። አራት ጎማ ከነቸርኬው፣ ስፋቱ የአንድ ብር ሳንቲም ያህል። ሞተሩ፣ መሪው፣ ወንበሩና ጣሪያው አብረው በአንድ ካርቶን ታሽገው ይመጣሉ። ካርቶኑ ላይ አንዲት ቮልስ ተስላለች፣ ከጎኗ «1/24» የሚል ተጽፏል። እውነተኛዋ ቮልስ አራት ሜትር ከሰባት ሳንቲ ሜትር ያህል ስለምትረዝም፣ የእኔዋ 17 ሳንቲ ሜትር ላይ ትቆማለች።

ዕቃውን ያመጣችልኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ቦሌ ላይ ሻንጣዋን የከፈተው ፈታሽ «ይሄ ምንድን ነው?» ቢላት «መኪና» አለችው፤ እውነቷን ነው። አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ የቤንዚን ቮልስ በሻንጣ ያስገባ ሰው ከእኔ ሌላ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ፈታሹ ካርቶኑን አገላብጦ አየና «ለልጅ ነው?» አላት። የእኔን ሽበት እያሰበች «አዎ፣ ለልጅ ነው» ብላ አለፈች።

ቀለሙ ግን አልመጣም። በግፊት የታሸገ ተቀጣጣይ ቀለም መንገደኛ ይዞ አውሮፕላን ላይ አይወጣም። ስለዚህ ቦዲዋን ይዤ ሰፈራችን ያለው ጋራዥ፣ ቀለም ቀቢው ልጅ ዘንድ ሄድኩ። ተቀብሎ መዳፉ ላይ አስቀመጣትና ዝም ብሎ አያት።

«ጋሼ፣ በሙቅ ውሃ አጠቧት እንዴ?»

ሳቁን ሲጨርስ ግን ባለሙያ ነውና ሥራውን ያዘ። ስቱኮ የሚያስፈልጋት የት የት እንደሆነ በጥፍሩ እየዳሰሰ አሳየኝ። ቲነሩን ሲያነሳ እጁን ያዝኩት። የጋራዥ ቲነር ላሜራ አይነካም፣ ይህችን ግን ይበላታል፤ የተሠራችበት ፖሊስታይሪን የሚባለው ፕላስቲክ እንዲህ ያለውን ፈሳሽ አይችልም። የሚገርመው መኪናዋ የምትጣበቀውም በዚሁ ድክመቷ ነው። ሙጫ የምንለው ፈሳሽ የሁለቱን ክፍል ጠርዝ ያቀልጥና እርስ በርስ ያዋሕዳቸዋል፤ ሲደርቅ ብየዳ ነው። በልክ ሲሆን ይበይዳል፣ ሲበዛ ኮፈን ያሟሟል። ልጁ ይህን ሲሰማ ቲነሩን አስቀመጠና፣ ለዕቃው የሚስማማ ቀለም ፈልጎ ከሥር የሚቀባውን ከሩቅ እያርከፈከፈ፣ እያስደረቀ፣ ደግሞ እያርከፈከፈ በስሱ አለበሳት።

በስሱ መሆኑ ለቁንጅና ብቻ አይደለም፣ ሒሳብ ነው። አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ቀለም እውነተኛ መኪና ላይ ደንበኛ ቀለም ነው። የእኔዋ ላይ በ24 ሲባዛ 2.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በጭቃ የተለሰነ ጎጆ በሉት። ቀለሙ ሳይደርቅ ያረፈባት የግማሽ ሚሊ ሜትር ብናኝ ደግሞ ጣሪያዋ ላይ የ12 ሚሊ ሜትር ጠጠር ሆኖ ይታያል። መንገዱ ሁሉ በሚቆፈርበት በዚህ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ከአቧራ ነፃ የሆነ ቦታ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። የላይኛውን ቀለም የቀባሁት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ ሙቅ ውሃ ለቅቄ፣ እንፋሎቱ አቧራውን ይዞ እስኪወርድ ጠብቄ። ሰፈራችን ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ስለሆነ ቮልሷም በፈረቃ ተቀባች።

ይህ ነገር የእኔ ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ። ጃፓን ውስጥ ሺዙኦካ የሚባል አውራጃ አለ፤ ታሚያ፣ ሃሴጋዋ፣ አኦሺማ፣ ፉጂሚ፣ በዚህ ሙያ ስማቸው የሚጠራው እነዚህ ድርጅቶች ሁሉ መቀመጫቸው እዚያ ነው። ታሚያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 ሥራውን የጀመረው በእንጨት መሰንጠቂያነት ነው፤ የመጀመሪያውን የፕላስቲክ ሞዴል፣ ያማቶ የተባለችውን የጦር መርከብ፣ ያወጣው በ1960 ነው። በ1976 ፖርሽ 934ን በ1/12 ለማውጣት ሲነሱ በኋላ የድርጅቱ መሪ የሆኑት ሹንሳኩ ታሚያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? እውነተኛ ፖርሽ 911 ገዝተው ፈታቱት። የሚነዳ መኪና በገንዘብ ገዝቶ፣ ፈታትቶና ለክቶ፣ የማይነዳ መኪና መሥራት! እኛ አገር ቢሆን ዘመድ ተሰብስቦ ጠበል ይወስዳቸው ነበር።

ባለቤቴ ጠበል አላነሳችም። የእሷ ጉዳይ ወረንጦዋ ነው። «ወረንጦዬ የት ሄደ?» የሚለው ጥያቄ ቤታችን ውስጥ መልሱ የታወቀ ነው፤ የቮልሷን ፍሬቻ ይዟል። የጥፍር መቁረጫዋ ክፍሎቹን ከታሰሩበት የፕላስቲክ ዘንግ ይቆርጣል። ቀይ ኩቴክሷ የኋላ መብራት ሆኗል። አንድ ማታ ለእራት ስትጠራኝ «መጣሁ፣ ይድረቅልኝ» ብላት፣ «ለእሷ ኩቴክስ፣ ለእኔ ይድረቅልኝ!» ብላ በሩን ዘጋችው።

ስፖኪዮ የጠፋ ዕለት ግን ቤተሰቡ ሁሉ ተባበረ። አዲስ አበባ ውስጥ ስፖኪዮው ያልተሰረቀበት ባለመኪና ጥቂት ነው፤ የእኔ ከወረንጦው ጫፍ ተፈናጥሮ ምንጣፍ ውስጥ ገባ። የሰው ስፖኪዮ ሲጠፋ ሶማሌ ተራ ተሂዶ ይፈለጋል። በዚህ መጠን ማን ይሸጥልኛል? ስልካችንን አብርተን በሆዳችን ተኝተን ስንፈልግ ደወል ተደወለና አማቴ ገቡ። ምን እንደጠፋብን ጠየቁ። «ስፖኪዮ» አልኳቸው። ምንጣፉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «እግዚአብሔር ያግኝልህ ልጄ» ብለው ተቀመጡ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ሰሌዳዋ ነው። ካርቶኑ ውስጥ የውጭ አገር ሰሌዳ አለ፤ እኔ የምፈልገው በሰማያዊ የተጻፈ ኮድ 2፣ አዲስ አበባ ነው። በኮምፒውተር ሠርቼ፣ ውሃ ውስጥ ተነክሮ የሚለጠፈውን ልዩ ወረቀት ይዤ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ልጁ ፋይሉን ሲከፍት ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ሰሌዳ አናትምም።»

«የእውነት አይደለም። ወርዱን እየው እንጂ፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው።»

«ወንጀሉ በሳንቲ ሜትር አይለካም» አለኝ።

ቮልሷን ከቦርሳዬ አውጥቼ ማተሚያው ላይ አቆምኩለት። ዙሪያዋን ዞሮ አያት። አለቃውን ጠራ፣ አለቃው ወረፋ የያዙትን ጠራ። በመጨረሻ አተሙልኝ፤ ግን ቁጥሩ የማንም ሰው ሰሌዳ እንዳይሆን በሚል በዜሮ አስሞሉኝ። ዛሬ ቮልሴ የምትሄደው፣ ማለቴ የምትቆመው፣ በአምስት ዜሮ ነው።

የውጭዎቹ ሠሪዎች ዋና ጭንቀት ማንጸባረቅ ነው። ላኳን እየደራረቡ፣ በረቂቅ የብርጭቆ ወረቀት እየፈተጉ ፊት እስኪያሳይ ይወለውሏታል። እዚህ ላይ አልስማማም። ከፋብሪካ እንደወጣች የምታብረቀርቅ ቮልስ አዲስ አበባ ላይ ብትቆም ለሠርግ የተከራዩአት እንጂ ሰው የሚኖርባት አትመስልም። የእኛ አገር ቮልስ ዳሽቦርዷ ላይ ዘርፍ ያለው ምንጣፍ አለ፣ መስተዋቷ ላይ መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል፣ የኋላ መስታወቷ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረሱን ይጋልባል፣ አንዱ ቸርኬዋ ከሌሎቹ አይገጥምም። ይህ ሁሉ ከካርቶኑ አይወጣም። ምንጣፉን ከአሮጌ ነጠላ ጥለት ቆርጬ ሠራሁት። ሞተሩ ላይ ያሉትን አራት የካንዴላ ገመዶች ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ውስጥ በወጣ ቀጭን ሽቦ ዘረጋሁ። የእርሳስ ዱቄት የጭስ ማውጫዋን አጠቆረልኝ፤ የተፈጨ ሸክላ ፓራፋንጎዎቿ ሥር ነስንሼ የክረምት ጭቃ አለበስኳት። ባለቤቴ ይህን ስታይ «መኪና ገዝተህ፣ ቀብተህ፣ ታቆሽሻለህ?» አለች። የሙያው ጣፋጭ ክፍል ግን እሱ ነው።

እንግዳ ሲመጣ ፍርዱ እንደየዕድሜው ይለያያል። የጎረቤታችን አዛውንት ገና ሲያዩዋት «ይቺ አይደለችም እንዴ ጃንሆይን የወሰደቻቸው!» ብለው ጃንሆይ ከዙፋን የወረዱበትን መስከረም 2 ቀን 1967ን ከጠዋቱ ጀምረው ተረኩልኝ፤ ቡናው ሦስተኛው ሲደርስ ንጉሡ ገና ከቤተ መንግሥት አልወጡም ነበር። ወጣቶቹ «ስንት ትሸጣታለህ?» ይላሉ። የእህቴ ልጅ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«ትሄዳለች?»

«አትሄድም።»

ጥሎኝ ወጣ። አልፈረድኩበትም። በእሱ ዕድሜ እኛም መኪና እንሠራ ነበር፤ ከሽቦ፣ ጎማው ከቆርኪ ወይም ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ተቆርጦ፣ ረጅም መሪ ተተክሎላት። መጠኗን የሚያውቅ የለም፣ በ24ም በምንም አልተካፈለችም። ግን መሪውን ስታዞረው ትታጠፋለች፣ ስትሮጥ ትሮጣለች፣ የነዳጅ ዋጋ ቢጨምር ግድ የላትም። የጃፓኖቹ በዚህ በኩል ይቀራቸዋል።

ቀጥሎ ያሰብኩት አባዱላ ነው። አኦሺማ እኛ አባዱላ የምንለውን ሃይኤስ በ1/24 ያወጣዋል። ጃፓኖቹ ዝቅ አድርገው፣ ሰፊ ቸርኬ አስገብተው ያሽሞነሙኑታል። እኔ ከፍ አደርገዋለሁ። ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ፍራሽና ሁለት በግ። መሪውም በጃፓን ሥርዓት በቀኝ በኩል ስለሆነ ወደ ግራ ተሻግሮ ይበየዳል። በጎቹን ከምን እንደምሠራ እያሰብኩበት ነው።

እስከዚያው ግን የቮልሷ ሆድ ዕቃ ይቀረኛል። አሁንም ቮልስ የምትነዱ፣ ወይም ግቢያችሁ ውስጥ ሸራ አልብሳችሁ ያቆማችሁ ሰዎች፣ አንድ ልመና አለኝ፤ ከሥሯ ተንጋልዬ ፎቶ እንዳነሳ ፍቀዱልኝ። ሞተሩን አልነካም፣ ቁልፍም አልጠይቅም። የማነጥፈውን ካርቶን ራሴ ይዤ እመጣለሁ።