ከሹፌሩ ፍላሽ ወዲያ ያሉ ድምፆች

የባህል ዘፈን ወዳጅ ነኝ የሚል የከተማ አድማጭ ጠጋ ተብሎ ሲመረመር ከአምስት የዘፋኝ ስም በላይ ይዞ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው፤ ከአምስቱም ማሪቱ ለገሠ ለወሎ፣ አሊ ቢራ ለኦሮምኛ፣ አስናቀች ወርቁ ለክራር በቋሚነት ተመድበው ሲያበቁ፣ የቀሩት ሁለት ቦታዎች እንደ አድማጩ ዕድሜና እንደ አደገበት ሰፈር ይሞላሉ። ምርጫው ነቀፋ የለበትም፤ ሦስቱም ቦታቸውን ያገኙት በችሎታቸው ነው። ችግሩ አድማጩ በአምስተኛው ስም ላይ መዝገቡን ዘግቶ፣ አዲስ ድምፃዊ በተነሳ ቁጥር ራሱን በሐዘን እየነቀነቀ «የድሮው ዜማ እኮ ቀረ» ማለቱ ነው፤ ቀረ የሚለውም ፈልጎ አጥቶ ሳይሆን ከወንበሩ ሳይነሳ ነው።

የዚህን አድማጭ ጠባይ ለማጥናት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ አውቶቡስ የተመቸ ቦታ ነው። አውቶቡሱ ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን አልፎ፣ የጨፋን ሸለቆ ማለትም ቦርከና ወደ አዋሽ ሲወርድ የሚያረሰርሰውንና በበጋ የአፋር አርብቶ አደሮች ጭምር ከብቶቻቸውን ይዘው የሚመጡበትን ረግረጋማ ሜዳ ሲያገኝ፣ በመኪናው ውስጥ የሚሰማው ሹፌሩ በፍላሽ የጫነው ዘፈን ነው። ፍላሽ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ዕቃ ብትሆንም፣ በመንገዱ ላይ ያለውን የሙዚቃ ፖሊሲ ያለ አንዳች ተቃውሞ የምታወጣው እርሷ ናት። በውስጧም በባቲ ቅኝት የተዘፈነ አንድ ዘፈን አይጠፋም። ቅኝት የክራሩ ክሮች የሚቃኙበትና የዜማው አምስት ድምፆች የሚደረደሩበት ሥርዓት ሲሆን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከተባሉት ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ በወሎ ቦታዎች የተሰየሙ ናቸው። ከነዚህም አንዷ፣ በሰኞ ገበያዋ የታወቀችው ባቲ፣ መቀመጫው ከሚሴ በሆነው በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ትገኛለች። ከተማዋን ለማየት ኮምቦልቻ ላይ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ መታጠፍ ያስፈልጋል፤ ተሳፋሪው ግን ባቲን በዘፈን አውቃታለሁ ብሎ ስለሚያምን መታጠፉን ያለቦታው የወጣ ወጪ አድርጎ ይቆጥረዋል።

የታወቁት ስሞች ለምን ጥቂት ሆኑ ቢባል፣ መልሱ ከጉሮሮ ይልቅ ከመቅረጫ መሣሪያ ጋር የተያያዘ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የግል የሸክላ አሳታሚ ድርጅቱን ሲያቋቁም ገበያው በአዲስ አበባ ኦርኬስትራዎች ዙሪያ የተሰበሰበ ነበር፤ ቀጥሎ በደርግ ዘመን ክፍለ ሀገሮቹ የየራሳቸውን የኪነት ቡድን ሲያቋቁሙ፣ የወሎው ላሊበላ ኪነት እነ ማሪቱን ይዞ ወጣ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ የሲዲ ኅትመት የቀድሞዎቹን ሸክላዎች ለዓለም አሰማ። በየደረጃው የታወቀው እንግዲህ ከማይክሮፎን አጠገብ የደረሰው ነው። ከአዲስ አበባ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው በከሚሴ ዙሪያ የሚኖር፣ በሠርግ አውራጅ የሆነ ማለትም ስንኙን እየጣለ ተቀባዮቹን የሚመራ ሰው፣ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር ዝናው ከሙሽራዋ አጎቶች አልፎ አይሄድም።

በዚህ ሸለቆ ለሚያስስ ጆሮ ትልቁ ሀብት ግን መንዙማ ነው። መንዙማ ፈጣሪና ነቢዩ የሚወደሱበት፣ በድቤና በጭብጨባ እየታጀበ በአውራጅና በተቀባይ የሚባል ግጥም ሲሆን፣ በመውሊድና ወዳጃ በተባለው፣ ጫትና ቡና ቀርቦ ዱዓ በሚደረግበት ስብሰባ ላይ ይሰማል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ዐረብኛ በአንድ ጉባኤ፣ አንዳንዴም በአንድ ግጥም ውስጥ ያለ አስተርጓሚ ተስማምተው ይቀመጡበታል፤ ብዙ ስብሰባዎች ይህን አልቻሉትም። ከደራሲዎቹ አንዱ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1878 ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በወሎ ሙስሊሞች ላይ ያወጁትን ሃይማኖት የማስቀየር ትእዛዝ በመሣሪያ የተቃወሙ ሊቅ ሲሆኑ፣ መንዙማቸውን በአጀሚ ማለትም አማርኛን በዐረብኛ ፊደል በመጻፍ አኑረዋል። ዓመፅ መርቶ ስንኝ የቋጠረ ሰው በየትኛውም አገር የመጽሔት ሽፋን ይሆን ነበር፤ ከላይ በተጠቀሰው የአምስት ስም መዝገብ ውስጥ ግን አልገቡም። ሊያውም መንዙማ እሰማለሁ የሚለው የከተማ ሰው መሐመድ አወል ሃምዛን ይጠራና ሁለተኛ ስም ሲጠየቅ ቡናውን ይጠጣል። የመንዙማ አውራጅን «ዘፋኝ» ብሎ የጠራ እንግዳ ደግሞ ሦስተኛው ስኒ ሳይቀዳ በትሕትና፣ ግን በበርካታ ሰዎች፣ እንደሚታረም መታወቅ አለበት።

ያልታወቁ ድምፆችን ፍለጋ የሌላውም አገር አመል ነው። በእንግሊዝ ሴሲል ሻርፕ የተባለ የሙዚቃ መምህር እ.ኤ.አ. በ1903 በሱመርሴት አውራጃ ጆን ኢንግላንድ የተባለ አትክልተኛ ሲያንጎራጉር ሰምቶ ዜማውን በኖታ ከጻፈ በኋላ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የባላገር ዘፈኖችን ሰበሰበ፤ ዛሬ በለንደን የሚገኘው የባህል ዘፈንና ጭፈራ ማዕከል ታዲያ የሚጠራው በሻርፕ ስም እንጂ በአትክልተኛው አይደለም። ከኋለኞቹ መካከል ሳም ሊ የተባለው ድምፃዊ ከዚህ የተሻለ መንገድ የያዘ ይመስላል፤ ዜማውን የተማረው ተጓዦች ከሚባሉት፣ ሰፈር እየቀየሩ ከኖሩ ማኅበረሰቦች ዘፋኞች፣ በተለይም ከስኮትላንዳዊው ስታንሊ ሮበርትሰን ሲሆን፣ ይህንንም ደብቆ አያውቅም። የመጀመሪያ አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2012 ለሜርኩሪ ሽልማት ሲታጭ የአስተማሪዎቹ ስም አብሮ ተነሳ።

የአገር ቤቱ አግኚ ግን ከሁለቱም የሚብስበት ጊዜ አለ። አንድ ያልታወቀ ድምፅ በስልኩ ቀድቶ የተመለሰ ሰው፣ ያቺን ሦስት ደቂቃ ለወዳጆቹ ሁሉ እያስደመጠ፣ ፊታቸው ላይ አድናቆት እስኪያይ ድረስ እንጀራ እንዳይቆርሱ ይከለክላል፤ ድምፃዊው በታወቀ ማግሥት ደግሞ «ድሮ ነበር ማለፊያ የነበረው» በማለት ስድስተኛ አድርጎ ሊመዘግበው የነበረውን ስም ይሰርዛል። የዘፋኙ ስም ማን እንደሆነ ሲጠየቅም «የከሚሴ ልጅ» ከማለት አያልፍም፤ ለመጠየቅ ጊዜ አላገኘም፣ ቪዲዮ እየቀረጸ ነበር።

ፈላጊው ከልቡ ከሆነ የሚያደርገው ነገር ቀላል ነው። ስልኩን ኪሱ ከትቶ የአውራጁን ስም ይጠይቃል፤ ከተቀባዮቹ መካከል ተቀምጦ ያጨበጭባል፤ የተጋበዘውንም ቡና እስከ በረካው ይጠጣል። ወዳጃው ሌሊቱን ሊዘልቅ ስለሚችል፣ የማለዳውን አውቶቡስ ትኬት አስቀድሞ አለመቁረጡ ይመከራል።