ካርዱ ጤነኛ ነው

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ደግ ሐሳብ ነው፤ እንዳታሙኝ። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከደቡብ ጎንደር ፎገራ አንዷ ነበረች። አቅም ያለው ቤተሰብ በየዓመቱ ያዋጣል፤ ለሌለው መንግሥት ይሸፍንለታል።

የመዋጮ ሰሞን ትጋታችን ያስቀናል። ሰብሳቢው ከቅዳሴ መልስ ደጀ ሰላሙ ላይ ይጠብቃል፤ በእኛዋ ወገዳ ገበያ በግ የሸጠ ገበሬ ገና ብሩን ቆጥሮ ሳይጨርስ «አያ፣ ካርድዎን አሳደሱ?» ይባላል። የማይደረስበት ቀበሌ የለም፣ ቆላም ቢሆን።

ሕመም የመጣ ዕለት ደግሞ አባወራው ወደ ጤና ጣቢያው ዳገቱን ይያያዘዋል። ካርዱ ፎቶው ጥርት ያለ፣ ማኅተሙ የተሟላ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ነው፤ ከባለቤቱ ይልቅ እሱ ጤነኛ ነው። ይመረመራል፣ ይታዘዝለታል፣ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ሲደርስ፦ «ይኼስ የለም፤ ከውጭ ይግዙት።»

ለዚህማ መላ መች ጠፍቶ! ባነር ይሰቀላል፣ የታሸገ ውኃ ይደረደራል፣ በመድኃኒት እጥረት ላይ የሁለት ቀን መድረክ ይከፈታል። አበሉ ላይ እጥረት ታይቶ አያውቅም።

መዋጮ ሰብሳቢዎች ሆይ፣ በመጪው ዓመት ስትመጡ ከደረሰኙ ጋር መደርደሪያው ላይ ያለውን መድኃኒት ዝርዝርም ይዛችሁልን ኑ።