ቆርቆሮው የሚያለቅስበት ቤት

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ ሐይቅ ከተማን አልፎ ወደ ውጫሌ ሲያቀና በድንጋይ የተገነቡ አሮጌ ቤቶች ዓይኑን ይይዙታል። ግድግዳቸውን ያየ «ይህስ ለልጅ ልጅ ነው» ማለቱ አይቀርም። ግማሽ ሜትር የሚወፍር ግንብ ነው፤ የመስኮቱ ደፍ አንድ ጎልማሳ ከነጋቢው ያስቀምጣል። ነገር የሚበላሸው ቀና ሲሉ ነው። በዚያ ሁሉ ድንጋይ ላይ የተጫነው የቆርቆሮ ክዳን ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም።

ቆርቆሮን እንዲህ አጣጥፎ ያቆመው ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለ የለንደን ወደብ መሐንዲስ ነው። በ1829 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ ሐሳቡ የወደብ ዕቃ ከዝናብ ማዳን ነበር። በርሜል ደግሞ ሞቀኝ፣ በረደኝ፣ እንቅልፍ ነሣኝ አይልም። ወደኛ አገር ሲመጣ፣ በተለይ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ፣ መጋዘንነቱ ተረሳና ያለፈለት ሰው ምልክት ሆነ። ለጋብቻ የተላኩ ሽማግሌዎች «ቤቱ ቆርቆሮ ነው» ካሉ የቀረው ጥያቄ ይቀላል።

ከቆርቆሮው በፊት የነበረውን የሣር ክዳን ጉድለቱን ሳያነሱ ማሞገስም አይገባም። ያፈሳል፣ ይበሰብሳል፣ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ትበቃዋለች፣ አይጥም ያለ ኪራይ ትኖርበታለች። ቢሆንም አንድ ክንድ የሚጠጋው የሣር ክዳን በውስጡ አየር አፍኖ ስለሚይዝ የቀኑን ፀሐይ ከላይ፣ የምድጃውን ሙቀት ከታች ያግድ ነበር። ቤቱ ቆርቆሮ ሲለብስ ይህ አገልግሎት ያለ ስንብት ቀረ።

እድሳት ሲነሳም አባወራው ገንዘቡን የሚያፈሰው ግድግዳው ላይ ነው፤ ግድግዳ ለጎረቤት ይታያላ! ድንጋዩ መሐሉ በሲሚንቶ ይሞላል፣ ደጃፉ ቀለም ይቀባል። አናጢው ፈራ ተባ እያለ «ጋሼ፣ ኮርኒሱንስ?» ሲል መልሱ የታወቀ ነው።

«ኮርኒስ ለማን ሊታይ?»

«አብሽር፣ ለኔ ይታየኛል» ትላለች እማወራዋ ከጓዳ። «ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አፍህ ሲከፈት አያለሁ እንጂ የምትለውን ሰምቼህ አላውቅም።» እውነቷን ነው። ክረምት ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያስተማረ መምህር ሁሉ ጠመኔውን አስቀምጦ ዝናቡ እስኪያባራ ቆሞ ያውቃል።

ሙቀቱስ? ሐይቅ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ግድም ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት 2 ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ልክ በአናቷ ትቆማለች፤ አንዴ በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት ገደማ፣ አንዴ በነሐሴ አጋማሽ። የነሐሴዋን ደመና ይሸፍንልናል። የሚያዝያዋ ግን ግድግዳውን ትታ በቀጥታ ጣሪያው ላይ ትወርዳለች፤ ቆርቆሮው ዝጎ ከጠቆረ ደግሞ ሙቀቱን ይበልጥ ይጠጣል። ያ የተደነቀ ግንብ የዚያን ጊዜ ሥራ ፈት ነው።

ከሁሉ የሚያስቀው ግን የኅዳር ነገር ነው። ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ሌሊት ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቅና ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። ከሥሩ የቤተሰቡ ትንፋሽና የጀበናው እንፋሎት ይወጣሉ፤ ቀዝቃዛውን ብረት ሲነኩ ውሃ ይሆናሉ። ጠብታው በቆርቆሮው እጥፋት ተንሸራቶ ሞራሌው ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ይወፍራል፣ ከዚያ አባወራው ግንባር ላይ ጠብ ይላል። ዝናብ በሌለበት ወር! ሰውዬው ሲነጋ መሰላል ተውሶ ሬንጅ ይዞ ይወጣል፤ ቀዳዳ ፈልጎ ሲያጣ ምስማር ያየበትን ሁሉ ይለቀልቃል። በማግስቱም ጠብ ይላል። የሚያለቅሰው ከውስጥ ነውና ከላይ ቢለቀለቅ አይተወውም።

መድኃኒቱ በግ ጀርባ ላይ ነው። ወሎ ባናውን ከሱፍ ሠርቶ ሲለብስ የኖረ አገር ነው፤ ለራሱ ያለበሰውን ለጣሪያው መንፈጉ ይገርማል። 10 ሳንቲሜትር ሱፍ ኮርኒሱ ላይ ቢነጠፍ፣ ሙቀት በማገድ 4 ሜትር ከሚወፍር የድንጋይ ግንብ አያንስም። እንደ ጭድ በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ እንደ ፎም ነዶ እየቀለጠ አይንጠባጠብም። ታጥቦና ተነድፎ መግባቱ ግን ግዴታ ነው፤ አለዚያ የመጀመሪያው እንግዳ ገና ከደጅ «በግ አረዳችሁ እንዴ?» ማለቱ ነው። ብል እንዳይበላው ፈረንጆቹ የቦሮን ጨው ይነሰንሱበታል።

ሱፉንና ቆርቆሮውን ማጣበቅ ግን ስህተት ነው። በመሐላቸው 5 ሳንቲሜትር ያህል አየር ይለፍ፤ ከጣሪያው ጠርዝ ገብቶ በጫፉ ይውጣ፣ አፉም አይጥና ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ይዘጋ። ይህ ካልሆነ እንፋሎቱ ሱፉን ያረጥባል፣ ሞራሌውን ያበሰብሳል። ይህን ሁሉ ከአናጢው ጋር በጽሑፍ መዋዋል ይበጃል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ሁለት ወገን ሁለት ነገር የተረዳበት ውል ሆኖ እስከ ዓድዋ እንዳደረሰ፣ «ኮርኒስ ምታልኝ» የሚል የቃል ውልም ባለቤቱን ሱፍ፣ አናጢውን ባዶ ቺፕውድ አሳስቦ ቀበሌ ሸንጎ ያደርሳል።

ነገሩ የምቾት ብቻም አይደለም። እዚያው በሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ላይ፣ ቀድሞ ደሴት በነበረው መሬት፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ ለገዳሙ የሰጡት የወንጌል መጽሐፍም የታወቀ ቅርስ ነው። ብራና ቆዳ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቀለሙም በዚያ መሐል ይሰነጠቃል። ቀን እየጋለ ሌሊት የሚያለቅስ ባዶ ቆርቆሮ ለመጽሐፍ ቤት አይሆንም። አሮጌ ዕቃ ቤት የሚያድስ ደብር ሁሉ ከቀለሙ በፊት ኮርኒሱን ቢያስብ ደግ ነው።

እናንተም ሐይቅም ሆነ ውጫሌ ቤት ልታድሱ የተነሳችሁ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውን ሱፉ ሳይነጠፍ በቱቦ አስገቡ፣ የዛገውን ቆርቆሮ ነጭ ቀቡት፣ ሥራውንም ከሰኔ በፊት ጨርሱ። ክረምት ከገባ ሱፉ ይረጥባል፤ አናጢውም እርሻ ላይ ነው፣ አይገኝም።